የፎቶግራፍ ባለቤት ማን ነው?

ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 በፓሪስ ከተማ ለዓለም ከተገለጠ ወዲህ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት የሰው መልክ ከሞት በኋላ የሚቀረው ወይ በሠዓሊ ብሩሽ ወይ በዘመድ ልብ ነበር። ሠዓሊው የከፈለውን ሰው አሳምሮ ይሥላል፤ ዘመድም የቀበረውን ሰው አሳምሮ ያስታውሳል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህን የሰውን ልማድ በአጭሩ ያስረዳል። ፎቶግራፍ ግን የአንገቱን ልክ ይዞ ይቀርባልና ከሠዓሊውም ከዘመዱም ይልቅ እንደ ታማኝ ምስክር ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ ምስክር በሸንጎ ሲቆም ስለ አየው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ይጠየቃል። ማን እንደ ጠራው፣ በቦታው እንዴት እንደ ተገኘ፣ ከተከራካሪዎቹ ከማን ጋር ዝምድና እንዳለው ሳይታወቅ ቃሉ አይጸናም። የፎቶግራፍን ቃል ግን ይህን ሁሉ ሳንጠይቅ እንቀበለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ የሚወጣ ነው። አንድ ሰው እምቢ ለማለት በማይችልበት ሁኔታ ሳለ መልኩ ቢወሰድ ያ መልክ የማን ነው? የወሰደው ሰው ነው፣ የተወሰደበት ነው፣ ወይስ ከዘመናት በኋላ የሚመለከተው? እኛስ ዛሬ ያንን ሥዕል ይዘን «እንዴት ያምራል!» ስንል የምናደርገው ነገር ንጹሕ ነውን?

በአቃቂና በቃሊቲ፣ ከምድር ባቡር ወይም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ በወጡ ሰዎች ቤት የገባ እንግዳ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ሳያይ አይወጣም። ሙሽሮች አሉ፤ የወታደር ልብስ የለበሰ ወንድም አለ፤ በፎቶግራፍ ቤት መጋረጃ ፊት እጁን በወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፎ የቆመ ወጣት አለ። እነዚህ ሁሉ ዋጋ ከፍለው፣ ልብሳቸውን አስተኩሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ «እንዲህ ሆኜ ልታይ» ብለው ራሳቸው መርጠው የተነሡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ያረፈ እንደ ሆነ ያው ፎቶግራፍ ከግድግዳው ይወርድና ወደ ለቅሶው ድንኳን ይሄዳል። እኅት ወይም ልጅ ከፍ አድርጋ ይዛው እያሳየች ታለቅሳለች፤ ለቀስተኛውም ወደ ሥዕሉ እያየ የሟቹን ስም ይጠራል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የፎቶግራፍ ከፍተኛው አገልግሎት ጌጥ መሆን አይደለም፤ ሟች በራሱ ለቅሶ ላይ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ ደግሞ አለ። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ወጥቶ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 አቃቂ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጆች በ1917 ነው። ስለዚህ ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው አቃቂ ለሁለት ዓመት ያህል የሐዲዱ መጨረሻ፣ ባሕር የሌላት የደጋ ወደብ ሆና ነበር ማለት ይቻላል። ከማርሴይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር የመጣ ሰውና ዕቃ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚቀጥለው በእንስሳ ጀርባና በእግር ነበር። ስለዚሁ መንገድ በዚያ ዘመን የታተሙት ፖስት ካርዶች ብዙ ናቸው። ድልድዩ ስም ተጽፎለታል፤ ጣቢያው ስም ተጽፎለታል፤ በድልድዩ አጠገብ መዶሻ ወይም ሐዲድ ይዞ የቆመው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈለት የነገዱ ወይም የሥራው ስም ብቻ ነው። ብረቱ በስሙ ሲጠራ ሰውየው በዓይነቱ ተጠራ።

ይህን ያየ ሰው «ለተነሺው ስሙን መልሱለት፤ ዕዳው ይከፈላል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱ መልካም ፍርድ መሆኑን አልክድም። በአቃቂ ጣቢያ የተነሡ የቀድሞ ሠራተኞችን ፎቶግራፎች ይዘው የሚኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አሉና፣ አያት ሳይሞቱ ስሙን ጠይቆ ከሥዕሉ ጀርባ መጻፍ ለማንም የማያዳግት ሥራ ነው። ነገር ግን ስሙ፣ ማዕረጉ፣ የአባቱ ስም ሳይቀር የተጻፈለት አንድ ተነሺ አለ። ይህ ፍርድ በእርሱ ፊት ሲቀርብ የሚጐድለው ነገር ይታያል።

የዚህን ተነሺ ነገር ለመረዳት ከባሕር ዳር መጀመር ያስፈልጋል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩዋቸውን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከቦምቤይ ላከ። ሠራዊቱን ያመጡት በእንፋሎትና በሸራ የሚሄዱ ከ280 በላይ መርከቦች ነበሩ። ከምፅዋ በስተደቡብ በሚገኘው በዙላ የባሕር ዳር 13,000 ያህል ወታደር፣ 26,000 ያህል ጓዝ ተከታይ፣ ከ40,000 የሚበልጥ እንስሳ፣ ከእንስሳውም መካከል 44 ዝሆኖች ወረዱ። በባዶው አሸዋ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ባሕሩ የገቡ የማራገፊያ ድልድዮች፣ መጋዘኖች፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ተሠሩ። የሚጠጣ ውኃ ስላልነበረ መርከቦቹ የባሕሩን ውኃ በእሳት እያተነኑ፣ ጨዉን እየለዩ ሠራዊቱን ያጠጡ ነበር። ከመሐንዲሶቹም ጋር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ስለ ነበሩ የሠፈሩና የተራሮቹ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ግን እንደ ሕልም ነበር፤ ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቅሎ አብሮ ሄደ። የአቃቂ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይገርመው አይቀርም። በዚህ በእኛ የአፍሪካ ክፍል የመጀመሪያው ባቡር የተዘረጋው አገርን ከአገር ለማገናኘት ሳይሆን ለጥቂት ወር ዘመቻ ነበርና።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ፎቶግራፍ መነሣታቸው አይታወቅም፤ ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ግን የአስከሬናቸውን ፊት በእጁ ሣለ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ጥበቃው ካፒቴን ስፒዲ ለሚባል መኮንን ተሰጠ። ይህ ሰው ቀድሞ በአገራችን የኖረ፣ ዐማርኛ የሚናገር፣ ቁመቱ እጅግ ረዥም የሆነ፣ የእኛ ሰዎችም «ባሻ ፈለቀ» ብለው የሚጠሩት ነበር። ሕፃኑ ከቀይ ባሕር ዳር ፌሮዝ በተባለው የእንፋሎት መርከብ ወደ ስዊዝ ተወስዶ በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ገባ።

ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ በጠባብ ባሕር ተለይታ የምትገኝ ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያች ደሴት ላይ ኦዝቦርን የሚባል የዕረፍት ቤተ መንግሥት ስለ ነበራቸው ባለጠጋውም፣ ባለቅኔውም፣ ሠዓሊውም ንግሥቲቱን ተከትሎ ክረምቱን በዚያ ማሳለፍ ወዶ ነበር። «ክረምት» ያልሁት ወሩን ለመናገር ነው እንጂ ነገሩስ ለእነርሱ በጋቸው ነው። ሐምሌ ለእኛ ሰማዩ የሚጠቁርበት፣ የአቃቂ ወንዝ ደፍርሶ የሚሞላበት፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት ወር ሲሆን፣ ለእነርሱ ፀሐይ የሚሞቁበትና በባሕር የሚታጠቡበት የደስታ ወር ነው። መንኰራኵር ያላቸው የእንፋሎት መርከቦች ከሳውዝሃምፕተን፣ ከፖርትስመዝና ከሊሚንግተን እየተነሡ መንገደኛውን ያመላልሳሉ፤ ራይድ በተባለችው ከተማ ረዥም የእንጨት ድልድይ ወደ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ መርከቦቹን ይቀበላል። ከዙላው ድልድይ ተሳፍሮ የወጣው ሕፃን በእንዲህ ያለ የመዝናኛ ደሴት ላይ ወረደ። ሁለቱንም ያገለገለው ያው እንፋሎት ነው።

በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ፍሬሽወተር በሚባል ቦታ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። (የቤተሰብ ስሟ በመቅደላ ከታሰረው ከቆንስል ካሜሮን ስም ጋር ስለ ገጠመ ብቻ አንባቢ ሁለቱን እንዳያዛምድ።) ካልካታ የተወለደች፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1863 መጨረሻ ልጇና አማችዋ የፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ በስጦታ ሲሰጡዋት ዕድሜዋ 48 ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቷ የደረሰ ሰው ሁሉ ሳይነሣ አይወጣም ነበር። ጎረቤቷን ባለቅኔውን ቴኒሰንን አንሥታለች፤ የሰፈሩን ሕፃናት ክንፍ አልብሳ መላእክት አድርጋቸዋለች፤ ሜሪ ሂልየር የምትባለውን የቤት ሠራተኛዋን መጎናጸፊያ ደርባባት የጌታ እናት አድርጋ አስቀምጣታለች። በዚያ ሰፈር መልክን መለዋወጥ የበጋ ጨዋታ ነበር። ጎልማሳው ንጉሥ ሆኖ ይነሣል፤ ሎሌዋ ቅድስት ሆና ትነሣለች፤ ሲመሽ ሁሉም ልብሱን አውልቆ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ዓለማየሁ በዚያው በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በዚህች ሴት መሣሪያ ፊት ቀረበ። እርስዋ ብቻም አይደለችም፤ የራይድ ከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ጃቤዝ ሂውዝም ሕፃኑንና ስፒዲን በሐበሻ ልብስ አንሥቷቸዋል። ልብ ብሎ ላየ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሌሎቹ ሁሉ ያልሆኑትን መስለው ለጨዋታ ተነሡ። ስፒዲም ያልሆነውን ሐበሻ መስሎ ተነሣ። ያ ልጅ ግን የመሰለው ራሱን ነበር። ነገር ግን በተመሳዮች መካከል የተገኘ እውነተኛ ሰው እርሱም ተመሳይ መስሎ ይታያል፤ የአገሩ ልብስ የጨዋታ ልብስ ይሆንበታል። ሲመሽ አውልቆ የሚመለስበት ሌላ መልክ፣ የሚመለስበት ሌላ ቤት አልነበረውም።

የሥዕሎቹ ውበት የሚካድ አይደለም። ካሜሮን የፊትን መስመር ማደብዘዝ፣ ብርሃኑን ከአንድ ወገን አምጥታ በጉንጭ ላይ ማፍሰስ ታውቅ ነበር። የሕፃኑ ዓይን ወደ ታች ወይም ወደ ሩቅ ያያል፤ አፉ ተዘግቷል። የሚያየው ሁሉ «እንዴት ያዘነ ልጅ ነው!» ይላል። እኔ ግን በዚህ ላይ ፈጥኖ መፍረድን አልወድም። በዚያ ዘመን በመስተዋት ላይ የሚነሣው ፎቶግራፍ ብርሃኑን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው፤ የካሜሮን ተነሺዎች አንዳንድ ጊዜ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ለደቂቃዎች ፈገግታን ይዞ መቆየት የሚችል ሰው የለምና የዚያ ዘመን ፊት ሁሉ ያዘነ ይመስላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የምናየው ኀዘኑን ይሁን «አትንቀሳቀስ» የተባለበትን ትእዛዝ፣ ከፊቱ ብቻ ተነሥተን መለየት አንችልም። ማዘኑን የምናውቀው ከታሪኩ ነው እንጂ ከፎቶግራፉ አይደለም። ምስክሩ ያላየውን እኛ እየጨመርን እናስመሰክረዋለን።

ለካሜሮን ሥዕል የተሰጠው አርእስት ሕፃኑን በስሙና በማዕረጉ «ደጃች ዓለማየሁ» ብሎ ጠርቶ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑን ያስታውቃል። እነሆ የባቡር ሠራተኞቹ የተነፈጉት ሁሉ ለእርሱ ተሰጠው፤ ስም፣ ማዕረግ፣ የአባት ስም። ታዲያ የጐደለው ምንድር ነው? የጐደለው ምክንያቱ ነው። የንጉሥ ልጅ ከሆነ በባዕድ ደሴት ላይ ምን ያደርጋል? አባቱስ የት ናቸው? እናቱስ? አርእስቱ ይህን አይናገርም። እንዲያውም የአባቱ ስም በዚያ ቦታ ላይ የሠራው ሥራ የሐዘንን ሳይሆን የዝናን ነው። በሚያዝያ ወር የቴዎድሮስ ስም በየጋዜጣው ነበርና የልጃቸው ሥዕል በሐምሌ ተፈላጊ ነው። ካሜሮን ብዙዎቹን ሥራዎችዋን በሕግ መዝገብ ላይ በስምዋ እያስጻፈች፣ ቅጂዎቹንም በለንደን ነጋዴዎች በኩል እያሸጠች ትሠራ ነበር። የመልኩ ባለመብት በሕግ ፊት አንሺዋ ሆነች ማለት ነው። ለሕጉ ይህ ነውር የለበትም፤ ዛሬም በብዙ አገር ሕጉ እንዲሁ ነው። ለኅሊና ግን ይህ መልስ ሆኖ አያሳርፍም።

ይህን ሥዕል በአቃቂ ለሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ወቅት አሳይቼ ስንነጋገር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ማንን አስፈቅደው ነው ያነሡት?» ብሎ ጠየቀ። ከፊት የተቀመጠችው ፈጥና «እኔንም ሕፃን ሳለሁ ሳያስፈቅዱኝ ነው ያነሡኝ፤ የክርስትናዬ ፎቶግራፍ አለ» ብላ መለሰችለት። ክፍሉ ሳቀ፤ መልስዋ ግን ከሳቁ በላይ ነበር። በእርግጥም ሕፃን አይፈቅድም፤ ስለ ሕፃን የሚፈቅድለት እናቱ ወይም አባቱ ናቸው። እርሱን ወክለው የሚፈቅዱት ደግሞ ስለሚወዱት ብቻ አይደለም። ነገ አድጎ «ለምን እንዲህ አደረጋችሁኝ?» ብሎ ቢጠይቃቸው መልስ የሚሰጡት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። የፈቃድ ሥልጣን ከተጠያቂነት የሚመጣ ነው። የዓለማየሁ ሞግዚት ስፒዲ ነበር፤ ስፒዲን የሾመው ደግሞ ሕፃኑን ያለ አባት ያስቀረው ጦር ነው። አንድ ሰው ዕዳ ያለበት ሆኖ ሳለ በባለዕዳነቱ ላይ ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ሁሉ፣ ልጁን ከቤቱ ያወጣው ወገን ስለ ልጁ «ፈቅጃለሁ» ቢል ቃሉ ሊጸና አይገባውም።

በዚህ ላይ ስፒዲ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካሜሮንም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ለልጁ ይራሩለት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ ደግነታቸውን ይክዳል ወይም ለደግነታቸው ሲል በደሉን ይረሳል። ሁለቱም አያስፈልግም። የጎረቤቱን ላም የነዳ ሰው ላሚቱን ጥሩ ሣር ሊያበላት ይችላል፤ ሣሩ ላሚቱን የእርሱ አያደርጋትም። በጎ አድራጎታቸው እውነት ነው፤ በጎ አድራጎት ግን የባለቤትነት ወረቀት አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። «ሥዕሉ ባይነሣ ኖሮ የዓለማየሁን መልክ ዛሬ ከየት ታገኙት ነበር? አንሺዋን ከመውቀስ ማመስገን አይገባችሁምን?» የሚል ነው። ከመቅደላ ስለ ተወሰዱት የብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ሲባል እንሰማለን፤ «ከብልና ከእሳት አተረፍንላችሁ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ከዚያች ሐምሌ ባይሆን የሕፃኑ ፊት ለእኛ ባልደረሰም ነበር። ለዚህ ምስጋና ቢቀርብ አይከፋኝም። ነገር ግን የእኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ ቃል አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ ተቀባይ ዕቃውን ከእሳት ቢያድነው ይመሰገናል፤ ዕቃው ግን በመዳኑ የእርሱ አይሆንም። ባለቤቱ ባይመለስ እንኳ ለወራሹ ያቈየዋል፤ ሲጠየቅም ከማን እንደ ተቀበለውና በምን ሁኔታ እንደ ያዘው ይናገራል። አደራውን የራሱ ያደረገ ሰው ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው፤ አደራ በላ ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ እምቢ ለማለት ከማይችል ሰው የተወሰደ መልክ የአንሺውም፣ የቤተ መዘክሩም፣ የተመልካቹም ንብረት አይደለም፤ በሁሉም እጅ ያለ አደራ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን መቅደድ ወይም መደበቅ መልስ አይሆንም፤ አደራን መቅደድም አደራ መብላት ነውና። የሚገባው ነገር ሥዕሉ በታየ ቁጥር ከማን እንደ ተወሰደና በምን ሁኔታ እንደ ተወሰደ አብሮ እንዲነገር ነው። ስም ብቻውን የጐደለው ይህ ነበር።

ይህን ስል በሌላው ላይ ብቻ ጣት ለመቀሰር አይደለም። የድል አድራጊ እጅ የተሸናፊን ልጅ መውሰዱ እንግሊዞች ያመጡት ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ የሸዋውን ንጉሥ ልጅ ምኒልክን ገና በልጅነታቸው ወስደዋቸዋል፤ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከዚያው ከመቅደላ አምልጠው ነው አገራቸው የገቡት። ፎቶግራፍ አንሺ ስላልነበረ የልጁ ምኒልክ የምርኮ ፊት አልቀረልንም እንጂ ቢቀር ኖሮ የምናየው ዓይን ምን ይመስል ነበር? ይህን ሳይጠይቅ በዓለማየሁ ሥዕል ፊት ቆሞ የሚቈጣ ሰው፣ ቍጣው ስለ ልጁ መሆኑን ይመርምር። እኛም ያንን ፊት ለንግግራችን ማሳመሪያ፣ ለመጽሐፋችን ሽፋን፣ ለኵራታችን ወይም ለቂማችን ባንዲራ ስናደርገው ኖረናል። የደሴቲቱ ሰዎች ንጉሣዊ ዝናውን ፈለጉ፤ እኛ ኀዘኑን ፈለግን። ልጁን ራሱን፣ ምን መብላት ይወድ እንደ ነበር፣ በየትኛው ቋንቋ ሕልም ያይ እንደ ነበር የጠየቀ ግን በሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ዓለማየሁ ከደሴቲቱ በኋላ ከስፒዲ ጋር ሕንድ አገር ኖረ። ቆይቶም ከስፒዲ ተለይቶ በቼልተናም፣ በራግቢ፣ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳምባ በሽታ በ18 ዓመቱ ሞተ። ካሜሮንም በዚያው በፈረንጆች 1879 ዓመት መጀመሪያ ላይ በሲሎን ደሴት ሞታ ነበር። ልጁ የተቀበረው በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ አሉታዊ መልስ አገኘ፤ የተሰጠውም ምክንያት የእርሱን ዐፅም ለይቶ ለማውጣት በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ዕረፍት መንካት ግድ ይሆናል የሚል ነው። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሶ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የስፒዲ ቤተሰብ ትውልድ አቆይቶት የነበረው የዓለማየሁ ፀጉር በለንደን ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አንድ ቤተሰብ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የያዘውን ነገር «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ማስረከቡን በቀላል አላየውም። አደራ መመለስ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ዐፅሙ በዚያ ሳለ፣ ፀጉሩ ሲመለስ፣ መልኩ ደግሞ በሁሉም ቦታ ነው። ፎቶግራፍ የሚባዛ ነገር ስለ ሆነ ቤተ መዘክሩ የመጀመሪያውን ቅጂ ቢይዝም ሥዕሉ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በአቃቂ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በእንዶዴ በኩል ሲያልፍ የሚያዩት ልጆች፣ አሮጌው የአንድ ሜትር ሐዲድ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር የሚጠይቁት አያቶቻቸውን ነው። የዓለማየሁን ነገር ግን የሚጠይቁት አያት የላቸውም። በለቅሶው ድንኳን ሥዕሉን ከፍ አድርጋ የምትይዝ እኅት አልነበረችውም፤ በሊድስ ሲሞት ስሙን በአገሩ ዜማ የጠራ ሰው አልነበረም።

ከተማሪዎቹ ጋር በነገሩ ከተነጋገርን በኋላ ሥዕሉ ይሰቀል ተባለ፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ቃል ግን እነርሱ እንዲያዘጋጁት ተስማማን። ዘመኑን፣ ቦታውን፣ የአንሺዋን ስም፣ የመቅደላን ቀን፣ የእናቱን ስምና የሞተችበትን ወር ያለ ክርክር ጻፉት። ክርክር የተነሣው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። አንዱ ወገን «ልዑል ዓለማየሁ» ይባል አለ፤ የተነጠቀው ክብር ይመለስለት ዘንድ። ሌላው ወገን «ምርኮኛው ዓለማየሁ» ይባል አለ፤ የሚያየው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ዘንድ። ያች የክርስትና ፎቶግራፍ ያላት ልጅ ሁለቱንም ትታ «ሕፃኑ ዓለማየሁ» ይባል አለች። የክፍሉ ድምፅ ለሦስት ተከፈለ፤ ወረቀቱም የመጀመሪያው መስመር ባዶ እንደ ሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።